በርሜል ማጠቢያ ማሽን በቤቴ ሠራሁ፤ አንዱ በርሜል ግን አሁንም ይኮመጥጣል

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ 2 ዓመት ሆነኝ። ለቤት፣ ለጓደኛና ለበዓል ነው እንጂ ለሽያጭ አይደለም። ከጀሪካን ተነስቼ አሁን በርሜል ላይ ደርሻለሁ። አንድ የውጭ ዜጋ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። 2 ባለ 30 ሊትር የድራፍት በርሜልና 1 ባለ 19 ሊትር ገዛሁት።

መከራው እጥበቱ ነው። ባለ 19ኙ አፉ ሰፊ ነው። እጅ ይገባል፣ በስፖንጅ ይታሻል። ባለ 30ዎቹ ግን አንገታቸው ጠባብ ነው፤ እጅም አይገባ፣ ዓይንም አይገባ። በፊት ውሃ እስከ ግማሽ ሞልቼ እንደ ወተት ስንጠው አመሽ ነበር። ወገቤ 3 ቀን አይቃናም። ውሃውስ? ሰፈራችን በፈረቃ ነው። በሳምንት 2 ሌሊት ከመጣልን እልል እንላለን። አንድ ቀን ለ1 በርሜል 60 ሊትር ያህል ደፋሁ። ጠዋት ባለቤቴ ሮቶው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ ማሽን ሠራሁ። ማሽን ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በርሜሉ ይገለበጣል። መሐሉ ላይ ያለው ረጅም ቱቦ፣ ማለትም ቢራውን ከሥር ስቦ የሚያወጣው፣ አሁን አፉ ወደ ላይ ያያል። ፓምፑ ከባልዲ እየሳበ ውሃውን በዚያ ቱቦ ወደ ላይ ይተኩሳል። ውሃው የበርሜሉን ቂጥ (አሁን ጣሪያ ሆኗል) መትቶ በግድግዳው ይወርዳል። ከዚያ ጋዝ በሚገባበት ቀዳዳ ወጥቶ ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይገባል። ያው ውሃ ነው የሚዞረው። 10 ሊትር ይበቃል።

ዕቃው ይኸው። ማቆሚያው ከአጥር በር ከተረፈ ቱቦላሬ ተበየደ። 2 ባለ 20 ሊትር ባልዲ። ከሞተ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የነቀልኩት ውሃ ማስወጫ ፓምፕ። ግማሽ ኢንች ጎማ፣ ጥቂት ቴፍሎን፣ 2 ቫልቭ። በመጨረሻም በርሜሉ አናት ላይ ተጠምዶ ድራፍት የሚቀዳበት ራስ። ራሱ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ኳስና ጎማ። እነሱን አውጥቻቸዋለሁ። ካልወጡ ውሃው በተቃራኒው አቅጣጫ አያልፍም። እሱን እስካውቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ የዛሬውን ብነግራችሁ ነገ አይሠራም።

አሁን ጥያቄዬ። ሁለቱንም ባለ 30 በርሜሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዓይነት ኮስቲክ ሶዳ አጠብኳቸው። ከአንድ ጥምቅ ከፍዬ ሞላኋቸው። የአንዱ ቢራ አሪፍ ነው። የሌላው በ10ኛው ቀን ኮመጠጠ፤ ሽታው ፍሪጅ ውስጥ የተረሳ እርጎ ነው። ምኑን ነው የሳትኩት?

ድራፍት_ቀጂ፦

ወንድሜ ስለ ኩምጣጤው ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ 6 ዓመት ድራፍት ቤት ስለሠራሁ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በርሜሉ ላይ የፋብሪካ ስም የተቀረጸበት ከሆነ የፋብሪካው ንብረት ነው። ድራፍት ቤቱ መያዣ ከፍሎ ነው የሚወስደው፤ ባዶውን ይመልሳል። ቆራሌው ጋ ብታገኘው እንኳ የተሰረቀ ነው ብለህ ጠርጥር። የአንተው በርሜል ላይ የፋብሪካ ስም የለም ብዬ ልመን።

ሁለተኛ ይሄ ቀልድ አይደለም። መሐለኛውን ቱቦ ለመፍታት ስትነሳ ውስጥ ግፊት ካለ ቱቦው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ በርሜሉን አቁመህ፣ ፊትህን አዙረህ፣ አናቱ ላይ ያለችውን ኳስ በአንድ ነገር ተጫንና ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠብቅ። ካለቀም በኋላ አንዴ ድገመው። ፊትህን ከአናቱ በላይ አታድርግ።

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ስም የለበትም፣ ደረሰኙም አለኝ። ቱቦውን ግን እስካሁን ፈትቼው አላውቅም። ማሽኑን የሠራሁት እኮ እንዳልፈታው ብዬ ነው።

ቱቦላሬ_ቃሊቲ፦

ማቆሚያው ያምራል፤ ብየዳው ላይ ግን ሳቅሁ፣ ይቅርታ። ፓምፑ ላይ ነው የማልስማማው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ማስወጫ ለ2 እና ለ3 ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። ግማሽ ሰዓት ስታስነሳው ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ደግሞ ጉልበቱን ለክተኸዋል? ጎማውን በርሜሉ ከፍታ ላይ ያዘውና ባለ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክህ ቁጠር። መሬት ላይ የሚሰጠውና 1 ሜትር ተኩል ከፍ ሲል የሚሰጠው ሰማይና ምድር ነው። ውሃው ጣሪያውን በኃይል ካልመታ ዝም ብሎ ቱቦውን ተከትሎ ይወርዳል። ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ አንተ ታጥቧል ብለህ ትተኛለህ።

ሌላ፣ ፓምፑ የተሰካው የት ነው? ውሃና መብራት አንድ ባልዲ አጠገብ ናቸው። የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ይሁን። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አስገባ። ሳትነቅል ባልዲው ውስጥ እጅህን አትክተት።

ሱሉልታ_ብርዱ፦

እኔ የገባኝ ሚስትህ ሮቶው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ምን አለችህ የሚለው ብቻ ነው። ቀጥል።

ቡራዩ_ኬሚስትሪ፦

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ ጠጅ እጥላለሁ። ረዘም ካለ ይቅርታ።

ኮስቲክ ሶዳ ጥሩ ምርጫ ነው። የእርሾ ቅሪትን፣ ፕሮቲንንና ቅባትን ያሟሟል። ለ10 ሊትር ውሃ ከ100 እስከ 200 ግራም ይበቃል፤ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምር፣ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም። ሲሟሟ በጣም ስለሚግል ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ረጅም የጎማ ጓንት ግዴታ ነው። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጥ። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ስንቱን ጉሮሮ እንዳቃጠለ ሐኪሞች ይንገሩህ።

አልሙኒየም አታስነካው። ቤታችን ያለው ትልቁ ድስት ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ሲገባበት ይበላዋል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። ሃይድሮጅን ደግሞ ይቀጣጠላል። ማሽንህ ላይ አንዲት የአልሙኒየም መገጣጠሚያ ካለች አሁኑኑ አውጣት።

ከዚያ ጋዙ አለ። ቢራ የወጣለት በርሜል በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ነው። ኮስቲክ ይህን ጋዝ ይጠጣዋል። ሁለት ጉዳት አለው፦ ሶዳህ ሳያጥብ ያልቃል፣ በርሜሉ ከተዘጋ ደግሞ ውስጡ ባዶነት ይፈጠራል። ስለዚህ አስቀድመህ በንጹህ ውሃ አለቅልቀህ ጋዙን አስወጣ፣ መውጫውም ክፍት ይሁን።

ኮስቲክ የማያነሳው ነገርም አለ። ከቆየ በርሜል ውስጥ ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጋግረው ቡናማ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ጠማቂዎች የቢራ ድንጋይ ይሉታል። እሱ የሚለቀው በአሲድ ነው። ኮስቲኩን በደንብ አለቅልቀህ ካስወጣህ በኋላ ሲትሪክ አሲድ አዙርበት። ባክቴሪያ እዚያ ቅርፊት ውስጥ ይደበቃል። በረኪና ግን እርሳው። ክሎሪኑ የማይዝገውን ብረት እያቦረቦረ ጥቃቅን ጉድጓድ ይሠራበታል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው።

ሙቀት ላይ አንድ ነገር። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው ብሎ ከበይነመረብ ያነበበውን ይደግማል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ያንሳል። ቢሆንም አትጨነቅ፣ እርሾንና የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ለመግደል ብረቱ ራሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ 20 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። ፈልቷል ብሎ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አፍስሶ ወዲያው መድፋት ግን ዋጋ የለውም። ብረቱ ሙቀቱን ይውጠዋል።

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። የአልሙኒየም መገጣጠሚያ አንድ ነበረች። ነበረች ነው የምለው። ዛሬ ሳያት ግማሹ የለም።

የሰበታዋ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ሰበታ ጠላ ስትሸጥ 30 ዓመት አልፏታል። ይህን ውይይት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የምትለውን ነው የምጽፈው፣ እኔ የለሁበትም።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሶዳ ምን ሊያደርግልህ ነው? ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይታጠባል። ከዚያ በጥንጁትና በወይራ ይታጠናል። ጋኑ ተገልብጦ ነው የሚታጠነው፤ አንተም ገልብጠኸዋል አሉ፣ ደግ አድርገሃል። ያልታጠነ ጋን ጠላ አይዝም።»

ጋሼ ኬሚስትሪ ምን ትላቸዋለህ?

ቡራዩ_ኬሚስትሪ፦

እናታችን ትክክል ናቸው፣ ለጋን። ሸክላ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ጢሱ ውስጡ ገብቶ ይቀመጣል፣ ተህዋስያንንም ያዳክማል። ጣዕሙም የጠላው አካል ነው። ለስላሳ ብረት ግን ጢስን አያስቀምጥም። ግራዋም የሚሠራው እጅ ገብቶ ሲያሽበት ነው። 30 ሊትር በርሜል ውስጥ የማን እጅ ይገባል?

የሰበታዋ_ልጅ፦

አነበብኩላት። ትንሽ ዝም ብላ ይህን አለች፦

«እሺ፣ ብረትህን አላውቅም። ግን አንድ ነገር ንገሪው። እኔ ጋን ታጠበ ሲሉኝ ሆዱን አላይም። ሆዱን ሁሉም ሰው ያጥባል። እኔ ከንፈሩን ነው የማሸተው፣ ክዳኑ የሚያርፍበትን። ድፍድፍ ሲነሳ እዚያ ነው የሚለጠፈው። ሠራተኛ የሚያታልለኝም እዚያ ነው። የዚህ ልጅ በርሜል ከንፈሩ የት ነው?»

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

እማማ ይህን ሳነብ ተነስቼ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። እውነቴን ነው።

ከ4 ቀን በኋላ፣ ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ። ቡና ያዙ።

መጀመሪያ ግፊቱን አስወጣሁ። ከዚያ የሁለቱንም ቱቦ ፈታሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደህና በነበረው ላይ ከቱቦው ራስ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት ለስላሳና ንጹህ ነው። በኮመጠጠው ላይ ግን ቀለበቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር አለ። አፍንጫዬን ሳስጠጋ ያው እርጎ። ከንፈሩ እሱ ነበር። ማሽኔ በአጠገቡ ውሃ ያሳልፋል እንጂ ከሥሩ አይገባም። ኮስቲኩም አልደረሰበትም። ብረት አንዴ ከታጠበ ንጹህ ነው፣ ጎማ ግን ይጠጣል። አሁን ቀለበት ቀየርኩ። ምናለሽ ተራ ዞሬ መጠኑ የሚገጥም አገኘሁ፤ ሻጩ ለምግብ የሚሆን ሲሊኮን ነው ብሎኛል። ቤቴ ወስጄ ውሃ ውስጥ ቀቅዬ አሸተትኩት፣ የጎማ ሽታ አልሰጠኝም።

ቀለበቱ ከተገኘ በኋላ ግን ቱቦላሬ ያለው ነገር አላስተኛኝም። ማሽኑ እውነት ያጥባል? እንዴት ላይ? ውስጡ አይታይ። በመጨረሻ ኩሽና ገባሁ። አብሽ በጥብጬ ከእርድ ጋር ለወስኩት። አብሽ እንደምታውቁት ሙጫ ነው። ረጅም ዱላ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ በአንገቱ አስገብቼ የበርሜሉን ውስጥ ለቀለቅኩት። አንድ ሌሊት ደረቀ። ጠዋት ቱቦውን መልሼ ማሽኑን 15 ደቂቃ አስነሳሁ። ከዚያ ፈትቼ በስልክ መብራት አየሁ።

ሐቁ አሳፋሪ ነው። ጣሪያው መሐል ላይ እንደ ሳህን የምታክል ክብ ንጹህ ቦታ አለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ እንደ ዝናብ ያለበት መስኮት መስመር መስመር ሠርቷል። ትከሻው፣ ጣሪያው ወደ ግድግዳ የሚታጠፍበት፣ ዙሪያውን አልተነካም። ንጹህ ነው ብዬ ስጠጣበት የነበረው በርሜል ይሄ ነው። ደህና የነበረው ራሱ በዕድል ነው ደህና የሆነው።

ፓምፑን ለካሁት። መሬት ላይ 20 ሊትሩን በ2 ደቂቃ ሞላ። በርሜሉ ከፍታ ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ ፈጀበት። ከዚያ ሽታ አወጣና ሞተ። ነፍስ ይማር።

ቱቦላሬ_ቃሊቲ፦

ነግሬህ ነበር አልልም። (ነግሬህ ነበር።)

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ይገባኛል። አዲሱ ፓምፕ ምድር ቤት ውስጥ የገባ ውሃ የሚጠረግበት፣ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው ዓይነት ነው። ጉልበቱ ሌላ ነው። በዚያው ከፍታ 20 ሊትሩን ከ40 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሞላው። የእርዱን ፈተና ደገምኩት። በ10 ደቂቃ ትከሻውም ጠራ።

አንድ እንቅፋት ብቻ። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከ35 ዲግሪ በላይ ውሃ አይግባብኝ ይላል። ፈላ ያለ ኮስቲክ ላዞርበት አስቤ ነበር፣ ተውኩት። አሁን ለብ ባለ ኮስቲክ 30 ደቂቃ አዞራለሁ። ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው ይርዘም ብዬ ነው። ከዚያ ፓምፑን በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ ኮስቲክ ውስጡ አያድርም። የፈላ ውሃውን ደግሞ በፓምፕ ሳይሆን በማንቆርቆሪያና በማጥለያ በእጄ አስገባለሁ። 2 ዙር። የመጀመሪያው ብረቱን ያሞቃል፣ ሁለተኛው ይቆያል። አናቱን ሳልዘጋ ነው የማቀዘቅዘው።

ቡራዩ_ኬሚስትሪ፦

የእርዱ ነገር ድንቅ ነው! ሌላ ጥቅምም አለው። ኮስቲክ ሲገባ ቢጫው ወደ ቀይ ተቀይሮ አላየኸውም? እርድ ውስጥ ያለው ቀለም አልካሊ፣ ማለትም እንደ ኮስቲክ ያለ የአሲድ ተቃራኒ፣ ሲያገኝ ይቀላል። ስለዚህ የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ በነጭ ሲኒ ቅዳና ቁንጥር እርድ ጣልበት። ሌላ ሲኒ ላይ ከሮቶህ የተቀዳ ውሃ ከእርድ ጋር አድርግና አወዳድር። ቀላ ካለ ኮስቲኩ ገና አልወጣም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢጫ ከሆኑ ወጥቷል። ሊትመስ ወረቀት ፍለጋ ፒያሳ ድረስ መውረድ ቀረ። አሲዱን ካዞርክ በኋላ ግን ይህ አይሠራልህም፣ ከአሲዱ በፊት ነው።

ሱሉልታ_ብርዱ፦

ዶሮ ወጥ፣ ቢራና ኬሚስትሪ ከአንድ ቅመም መደርደሪያ። አሁን ገና ተመቸኝ።

አዲስ_ጀማሪ_ቱሉ_ዲምቱ፦

ይቅርታ፣ ገና ጀማሪ ነኝ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በርሜል የለኝም፣ ጀሪካን ብቻ። ይሄ ማሽን ያስፈልገኛል ወይ? ኮስቲኩንስ የት ነው የምትደፉት?

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

አያስፈልግህም። ጀሪካን ከተቧጨረና ከሸተተ ይጣል፣ ሌላ ይገዛል። በርሜል ውድ ስለሆነ ነው የምንለፋው። ኮስቲኩን አልደፋውም፣ ለ3 እና ለ4 በርሜል ያገለግላል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ንጹሁን በርሜል መጀመሪያ፣ ቆሻሻውን መጨረሻ። እኔ በተቃራኒው ነበር የማደርገው። ሲያረጅ በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ የተጠቀምኩበትን ሲትሪክ አሲድ ቀስ በቀስ ጨምሬበት ነው የማስወግደው። የጎረቤት ጎመን ላይ አይደፋም።

የውሃ ሒሳቡን ለሚጠይቁ፦ ማለቅለቂያ 10 ሊትር፣ ኮስቲክ 10 (ይህ ይቀመጣል)፣ ሁለተኛ ማለቅለቂያ 10፣ አሲድ 5፣ የፈላ ውሃ 8 ያህል። የማለቅለቂያው ውሃ ጥሩ ከሆነ ለሚቀጥለው በርሜል የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። ባለቤቴ ሮቶውን አይታ ምንም አላለችም። ይህ በቤታችን ሽልማት ነው።

ድራፍት_ቀጂ፦

ቱቦውን በየስንት ጊዜው ልትፈታ አሰብክ?

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

በየ3 ሙሌቱ፣ ግፊቱን 2 ጊዜ አስወጥቼ፣ ፊቴን አዙሬ። መሃል ላይ ደግሞ እንደ እማማ አፍንጫዬን ከንፈሩ ላይ አደርጋለሁ።

የሰበታዋ_ልጅ፦

እናቴ በጣም ነው የሳቀችው። ቀጥላ ደግሞ ጠየቀች፦ ለፋሲካ 2 የፕላስቲክ በርሜል ጠላ ልትጥል ነው፣ ማሽኑ የፕላስቲክ በርሜል ያጥባል ወይ? ከሰበታ ለገጣፎ በምን ይጫናል ስላት «እሱ ይምጣ» አለች።

ጠማቂ_ለገጣፎ፦

ለእርሳቸው እመጣለሁ። የፕላስቲኩ አፍ ሰፊ ስለሆነ ራሱን አውጥቼ ጎማውን ብቻ ወደ ላይ አቆመዋለሁ፣ ይሠራል። ግራዋውን እርሳቸው ያዘጋጁ። ለሌሎቻችሁም ማሽኑን አውሳለሁ፣ የቅዳሜ ወረፋ በውስጥ መልእክት ያዙ። ውሃችሁን ግን በጀሪካን ይዛችሁ ኑ።